ዐዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲመጣ ሰው ስለ ምን ይገፋዋል? ስለ ምንስ ይቀበለዋል?

የአገራችን ሰው ዐዲስ ነገር አይወድም ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገሩ ቀርቦ ሲመረመር ግን ፍጹም እውነት ሆኖ አይገኝም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው የአዊ ደጋ የሚኖረው ገበሬ ዛሬ ድንችን ከአያት ከቅድመ አያት እንደ ወረሰው እህል አድርጎ ይተክለዋል፤ ዳሩ ግን ድንች ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ያገባውም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነገራል። የሣር ክዳኑም ቤት ዐይናችን እያየ በቆርቆሮ ተለወጠ። በእጅ የሚያዘውም ስልክ በመጣ ጊዜ ከብት ጠባቂው ሳይቀር ያለ አስተማሪ ተማረው እንጂ አልሸሸውም።

እንግዲህ ገበሬው ይህን ሁሉ ዐዲስ ነገር በደስታ ከተቀበለ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የተማረው ጸሐፊ የኮምፒዩተሩ ሥርዓት ተለወጠ በተባለ ቍጥር የሚያጕረመርመው ስለ ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ የጽሕፈት ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በየቤታችንም በአባትና በልጅ፣ በእናትና በሴት ልጅ መካከል ዕለት ዕለት የሚነሣ ነው። ስለዚህ በችሎት ጸሐፊነት ከወረቀትና ከመዝገብ ጋር ስኖር ያየሁትንና ከዚሁም የተረዳሁትን ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ለማቅረብ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና የሚባለው፣ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። በቀድሞው ዘመን በጌታ ደጅ የሚቆም አጋፋሪ ነበረ። ባለ ጉዳይ ሁሉ ወደ ጌታው የሚገባው በእርሱ በኩል ነው፤ ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ የማን አቤቱታ ለማን እንደሚደርስ የሚያውቀው እርሱ ነው። በኮምፒዩተርም ውስጥ ይህ ሥርዓት እንዲሁ ነው። በመኪናውና በሰው መካከል ቆሞ የጽሑፉን ትእዛዝ ለማተሚያው፣ የጣትን ምት ለፊደሉ፣ የመዝገቡን ወረቀት ለማኅደሩ ያደርሳል። መኪናው ያው፣ ሥራውም ያው ሆኖ ሳለ አጋፋሪው በተለወጠ ጊዜ ግን ደጅ ጠኚው ሁሉ ይደናገጣል፤ የቀድሞውን ጠባይ ለምዶ ነበርና።

ይህም አጋፋሪ ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ እንቍጠር። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚባለውን ሥርዓት ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. አወጣ፤ ቪስታን ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.፤ ሰባተኛውን ጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም.፤ ስምንተኛውን ጥቅምት 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፤ ዐሥረኛውን ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም.፤ ዐሥራ አንደኛውንም መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. አወጣ። ዋና ዋናዎቹን ብቻ ብንቈጥር በ20 ዓመት ውስጥ ስድስት አጋፋሪ ማለት ነው። በአንድ ደጅ ስድስት አጋፋሪ በ20 ዓመት ቢፈራረቅ ባለ ጉዳዩ ቢያጕረመርም ይፈረድበታልን?

ሰው ዐዲሱን ሥርዓት የሚገፋበት ፊተኛው ምክንያት የእጅ ልማድ ነው። ይህን ነገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ፈጥኖ ያስተውለዋል። የቅዱስ ያሬድ ድጓ ቃሉ አንድ ሲሆን የዜማው ስልት ግን ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ በየቤቱ ይለያያል። በአንዱ ቤት ዜማ ያደገ ተማሪ ወደ ሌላው ቤት በተሻገረ ጊዜ ምንም ከማያውቀው ጀማሪ ይልቅ ይቸገራል። ጀማሪው የሚማረው ብቻ ነው፤ እርሱ ግን እየተማረም እየረሳም ነው፤ አፉ በልማዱ ወደ ፊተኛው ዜማ ይስበዋልና። እኔም በሕፃንነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በተሻገርሁ ጊዜ ያስቸገረኝ ዐዲሱን ማወቅ አልነበረም፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ በቃል ማጥናትን ትቶ በዝምታ ማንበብን መልመድ ነበር እንጂ።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ስምንተኛው ዊንዶውስ በወጣ ጊዜ ከገጹ በስተ ግራ ከታች ይገኝ የነበረው የመጀመሪያ ቍልፍ ጠፍቶ ተገኘ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ሰው እጅ ሥራ ሲጀምር ወደዚያ ማእዘን መሄድን ለምዶ ነበርና ጕርምርምታው እጅግ በዛ፤ ኩባንያውም በሚቀጥለው ዓመት ቍልፉን መለሰ፤ በዐሥረኛውም ሥርዓት ከነዝርዝሩ አቆመው። አያሌ ሊቃውንት ያሉበት ኩባንያ የሰውን እጅ ልማድ ማሸነፍ አልቻለም። ከዚያም በፊት አሜሪካዊው ድቮራክ የላቲን ፊደል ቍልፎችን ለጣት እንዲቀል አድርጎ እንደ ገና ደርድሮ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. የባለቤትነት ፈቃድ አግኝቶበት ነበር። ነገር ግን ዓለም እስከ ዛሬ በአሮጌው ድርድር ይጽፋል።

ሁለተኛው ምክንያት የያዙትን እንዳያጡ መፍራት ነው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው የአገራችን ተረት ስንፍና ብቻ የወለደው አይደለም፤ ጥፋትን ያየ ሰው የተናገረው ይመስለኛል። በዚህ ነገር የአማርኛ ጸሐፊ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ምክንያት አለው። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር በጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ የፊደል ገበታ ለየፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በአንዱ ገበታ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታይ ነበር። የሰው ነፍስና ርስት የተጻፈበት ቃል በአንድ ሌሊት እንደ ባቢሎን ቋንቋ ሲደበላለቅ ያየ ሰው ቢጠራጠር ምን ያስደንቃል?

አንድ ያየሁትን ነገር ልናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ባንድ ቀን ተነሥተው በዐዲስ ሥርዓት የሚሠሩ ተተኩ። በዚያ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ግን አሮጌውን መኪና አልሰጥም ብለው ከጠረጴዛቸው ሥር አስቀመጡት። ወጣቶቹም «አባባ ከዘመን ጋር ተጣሉ» እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ከዳንግላ ገጠር የመጣች አንዲት ባልቴት፣ በእርሻ መሬት ክርክር የተፈረደባት፣ ይግባኝ ለማለት የውሳኔ ግልባጭ ስጡኝ ብላ ቀረበች። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ 60 ቀን እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ከዚያውም አብዛኛው አልፎባት ነበር። ዋናው መዝገብ ለአፈጻጸም ወደ ሌላ ችሎት ተልኮ ስለ ነበር ግልባጩን ከኮምፒዩተር ማውጣት ግድ ሆነ። በዐዲሱ ሥርዓት በተከፈተም ጊዜ ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው አንድ የሚነበብ ቃል አልተገኘበትም።

ባልቴቲቱ የገጹን ድብልቅ አይታ «ልጆቼ፣ ይህ የእኔ መሬት ነውን?» ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት አልነበረም። ያን ጊዜ ሽማግሌው ዝም ብለው ጐንበስ አሉና አሮጌውን መኪና ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው አስነሡት፤ ውሳኔውም በቀድሞው የፊደል ገበታ እንደ ተጻፈ ጥርት ብሎ ወጣ። ሴትዮዋ ግልባጯን ይዛ ቀኑ ሳያልፍባት ይግባኟን አስገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ በሽማግሌው ላይ የሣቀ አልነበረም። እምቢታ ሁሉ ድንቍርና አለመሆኑን ያን ቀን ተረዳን፤ አንዳንዱ እምቢታ ሌላው ያላየውን ጕድጓድ ያየ ሰው ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የአቅም ነገር ነው። ዐሥራ አንደኛው ዊንዶውስ የሚሠራው ቲ.ፒ.ኤም. የሚባል የምስጢር መጠበቂያ ክፍል በሁለተኛው እትሙ ባለበትና አንጐሉም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተሠራ መኪና ነው። ስለዚህ የዐሥረኛው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተቋረጠ ጊዜ ብዙ ደኅና ኮምፒዩተር ሳይሰበር አርጅተሃል ተባለ። ለሀብታም አገር ይህ ቀላል ነገር ነው፤ በልጆቹ ትምህርትና በእህል ዋጋ መካከል ለሚያሰላ የቤት አባወራ ግን መኪናውን እንደ ገና ግዛ ማለት በሬህ ጤነኛ ሳለ ቀንበሩ ስለ ተለወጠ ሌላ በሬ ግዛ እንደ ማለት ነው። ደግሞም ዐዲሶቹ ሥርዓቶች ኢንተርኔት ዘወትር አለ ብለው የተሠሩ ናቸው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ በቈየባቸው ወራት ያለ መረብ የሚሠራው አሮጌ መሣሪያ ምን ያህል እንደ ተወደደ እኛ እናውቃለን።

አራተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው፤ ይኸውም ክብር ነው። በ30 ዓመት አገልግሎት የተከበረ ሰው በአንድ ቀን ጠዋት ከልጁ ልጅ በሚያንስ ወጣት ፊት «ይህን አታውቁምን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሚገፋው ኮምፒዩተሩን አይደለም፤ ውርደቱን ነው። ሲገፋ ግን «ውርደቱን ጠላሁ» አይልም፤ «ይህ ዐዲስ ነገር አይረባም» ይላል እንጂ። አስተማሪውም እውነት ለመኪናው ያለ ጥላቻ መስሎት ስለ መኪናው ጥቅም ይሰብካል፤ ቍስሉም ካለበት ስፍራ ሌላ ቦታ መድኀኒት ይቀባል።

አሁን ደግሞ ሰው የሚቀበልበትን ምክንያት እንመልከት። ፍሬድ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው ዐዲስ የኮምፒዩተር መሣሪያ የሚቀበለው ይጠቅመኛል ብሎ ሲያምንና አያደክመኝም ብሎ ሲያምን እንደ ሆነ አስረዳ። እኔ በአገራችን ካየሁት ተነሥቼ ሦስተኛ እጨምራለሁ፤ ይኸውም አያዋርደኝም ብሎ ሲያምን ነው።

የዚያ የሽማግሌ ጸሐፊ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል። እርሳቸው የአገው ልጅ ናቸው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውም አውጚ ነው። ይህ ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ «ጚ»ን የመሰለ አማርኛ የማይፈልገው ፊደል ይፈልጋል። እርሳቸው በለመዱት በአሮጌው ገበታ ይህን ፊደል ማግኘት ስላልተቻለ፣ የቋንቋቸውን ስም በጻፉ ቍጥር «ገ»ን አትመው ምልክቱን በብዕር ይጨምሩበት ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ግን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉ መኪና የማይለወጥ ቍጥር ሰጠ፤ የ«ጘ»ም ቤት ከዚያ ውስጥ ገባ። ከቪስታም ጀምሮ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፊደል ገበታ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት ጀመረ።

አንድ ቀን ከወጣቶቹ አንዱ፣ እርሱም በጠባዩ ትሑት የሆነ፣ በሽማግሌው አጠገብ ተቀምጦ «አባባ፣ የቋንቋዎን ስም እንዴት እንደሚጽፉት ያሳዩኝ» አላቸው። እርሳቸውም በብዕር ጻፉለት። እርሱም በዐዲሱ ሥርዓት «አውጚ» ብሎ ጻፈና አሳያቸው። ሽማግሌው ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱና «ልጄ፣ እስቲ እንደ ገና አድርገው» አሉት። ከዚያም ቍልፉ የት እንደ ሆነ ራሳቸው ጠየቁ። በሁለት ወር ውስጥ አሮጌው መኪና ወደ ዕቃ ቤት ገባ፤ በውስጡ የነበረውም ውሳኔ ሁሉ አስቀድሞ በእርሳቸው ተቈጣጣሪነት ወደ ዐዲሱ ፊደል ተገልብጦ ነበር። ያ ወጣት ያሸነፈው በክርክር አይደለም። አስቀድሞ ተማሪ ሆኖ ጠየቀ፤ ኋላም ለሽማግሌው የሚፈልጉትን ነገር አሳየ። ጥቅምና ክብር ባንድነት ሲመጡ እምቢታ ስፍራ አያገኝም።

ነገር ግን ጥንቃቄ መልካም ነው ብለን በአሮጌው ላይ ተኝተን እንድንቀር አይገባም። የኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የሰባተኛውም ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተቋርጧል። ድጋፉ የተቋረጠ ሥርዓት አጥሩ የፈረሰ ግቢ ማለት ነው፤ ውስጡ ያው ቢሆንም ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን የለም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በዓለም ተሠራጭቶ በ150 አገሮች ገደማ ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ቈልፎ ቤዛ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ አገርም ሐኪም ቤቶች በሽተኛ እስከ መመለስ ደርሰው ነበር። ድጋፍ ላላቸው ሥርዓቶች ቀዳዳውን የሚደፍነው ማደሻ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ግን ያልታደሱት ናቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ዐዲሱን ሳይመረምር ለሚቀበለው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ አሮጌውን ሳይመረምር ለሚያምነውም ጭምር ነው።

በትእዛዝ ብቻ መለወጥም እንደማይበቃ የጀርመን ከተማ የሙኒክ ታሪክ ያስተምረናል። የከተማው ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፣ ማለት ማንም በነጻ ሊጠቀምበት ወደሚችለው ሥርዓት፣ ለመሻገር ወሰነ፤ እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስም 15,000 የሚያህሉ ኮምፒዩተሮች ተሻገሩ። ነገር ግን ኅዳር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ክርክር አለ፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር በሚለዋወጧቸው ጽሑፎች አለመስማማት ሠራተኞች ያቀርቡት የነበረው አቤቱታ ግን አንዱ ነው። ጎረቤት ሁሉ በሌላ ቋንቋ ሲነጋገር ብቻውን የተለየ ሰው ቋንቋው መልካም ቢሆንም ይቸገራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የአዊ ሰው ስለ ፈረስ የሚያውቀውን ስለ ኮምፒዩተርም ቢያስታውሰው ይበቃል። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር የሚታየው ያ ሁሉ ያጌጠ ፈረስ በአንድ ቀን የተገራ አይደለም። ብልህ ሰው የገዛውን ፈረስ በዚያው ቀን ወደ ጕግስ ሜዳ አያወጣውም፤ አስቀድሞ በልጓም ይስበዋል፤ ከግቢው ያለማምደዋል፤ አሮጌውንም ፈረስ ዐዲሱ እስኪገራ ድረስ አይሸጠውም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት አለቆች የኮምፒዩተር ሥርዓት በምትለውጡበት ጊዜ፣ አንደኛ፣ አሮጌው ጽሑፍ በዐዲሱ መነበቡን ሳታረጋግጡ አሮጌውን መኪና አታንሡ። ሁለተኛ፣ ለመማሪያ ጊዜ ስጡ፤ የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና። ሦስተኛ፣ የሚያጕረመርመውን ሽማግሌ ሠራተኛ ከመገሠጻችሁ በፊት የሚፈራውን ነገር ጠይቁት፤ ምናልባት እናንተ ያላያችሁትን ያሳያችኋልና።

ወላጆችና ልጆችም በየቤታችሁ ይህንኑ አስቡ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ እናቶች ገንዘባቸውን በስልክ ይልካሉ፤ ይቀበላሉም። ነገር ግን እናት በስልኳ ስትዘገይ ልጅ «ስጪኝ፣ እኔ ላድርግልሽ» ብሎ ከእጇ የሚቀበላት ቤት ብዙ ነው። ልጁ የረዳት ይመስለዋል፤ እርሷ ግን ሳትማር ትቀራለች፤ የምስጢር ቍጥሯንም ለሌላ ሰው መስጠት ትለምዳለች፤ ልጁ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜም ገንዘቧ በእጇ ሳለ እንደሌላት ትሆናለች። እናቱን የሚወድ ልጅ ስልኩን በእናቱ እጅ ይተወው፤ እርሱ በቃል ያሳይ፤ ጣቷ ይማር። አሥር ጊዜ ብትጠይቀው አሥር ጊዜ ይመልስላት፤ እርሷ «ይህ ምንድር ነው?» እያለ ሲጠይቃት ስንት ጊዜ እንደ መለሰችለት አልቈጠረችበትምና።

አባቶችና እናቶችም ከልጅ መማርን እንደ ውርደት አትቍጠሩት። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ድጓን የጨረሰ ሊቅ ቅኔ ወይም አቋቋም ለመማር ወደ ሌላ መምህር በሄደ ጊዜ ከልጆች ጋር ተማሪ ተብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ክብሩ አይቀንስበትም። ነገ ደግሞ ሰባተኛና ስምንተኛ አጋፋሪ መምጣቱ አይቀርም። ቤቱን ቤት የሚያሰኘው ግን የአጋፋሪው ማንነት ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው ሰው ለታናሹ ትዕግሥት፣ ለታላቁም ክብር መስጠቱ ነው።